አሮጌ መጽሐፍ መደጋገም ብቻ ነውን? ስለ ፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ሙያ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክን ማስተማርና መመራመር የዕድሜ ልክ ሙያ ሊሆን አይገባም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ወጥቷል። ጸሐፊው ሰባት ነጥብ ያነሣሉ። መጻሕፍቱ ታትመው ስላለቁ የሚመረመር የለም፤ ሁሉም አስተያየት ነው፣ ዘዴ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥሩ ትርጉም ካለ ቋንቋ መማር ከንቱ ድካም ነው፤ ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ ባለበት ዘመን አርካይቭ መሄድ ቅንጦት ነው፤ አስተማሪው በየዓመቱ ያንኑ ሌክቸር ይደግማል፤ ኮርሱ ውስጥ ያሉት አሳቢዎች ሁሉ አውሮፓውያን ናቸው፤ ለተመራቂው ሥራ የለም። በመሐሉም የማኪያቬሊን «ልዑል» ምሳሌ አድርገው፣ ይህን ትንሽ መጽሐፍ ለመረዳት የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜና እሑድ ነው ይላሉ።

ከሰባቱ በሁለቱ ላይ የምንስማማበት ነገር አለ። በቀሩት ላይ ግን ጸሐፊው ሙያውን ያዩት ከበር ሆነው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጻሕፍቱ ታትመው አልቀዋል ስለሚለው

የቶማስ ሆብስን «ሌዋታን» እንውሰድ። በርእስ ገጻቸው ላይ 1651 የሚል ዓመት የታተመባቸው ሦስት የተለያዩ እትሞች አሉ። የሚለዩት በርእስ ገጹ ላይ ባለው የአታሚ ጌጥ ሲሆን፣ አንዱን «ራስ»፣ ሁለተኛውን «ድብ»፣ ሦስተኛውን «ጌጣጌጥ» ብለው ይጠሯቸዋል። በእርግጥ በ1651 የታተመው «ራስ» ብቻ ነው። ሁለቱ የወጡት መጽሐፉን በግልጽ ደግሞ ማተም አስቸጋሪ ከሆነ በኋላ ነው፤ የድሮውን ዓመት የለበሱትም ለመደበቅ ነው። በዚህ ላይ ሆብስ ራሱ በ1668 ያሳተመው የላቲን «ሌዋታን» አለ፤ እሱም እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚከተል ሳይሆን የተቀነሰበት፣ የተለወጠበትና መጨረሻው ላይ ተጨማሪ የታከለበት ነው። ለቻርልስ 2ኛ የተዘጋጀ በእጅ የተጻፈ የብራና ቅጂም አለ። እነዚህን ሁሉ አስተያይቶ እንግሊዝኛውንና ላቲኑን ጎን ለጎን ያስቀመጠው የኖኤል ማልኮም እትም የወጣው በ2012 ነው፤ ሦስት ቅጽ ነው። ከመጀመሪያው ኅትመት ወዲህ 361 ዓመት መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከርካሽ እትም አንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጦ «ሆብስ በ1651 እንዲህ አለ» ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የያዝከው መጽሐፍ የትኛውን እትም ይከተላል?» ተብሎ ነው።

የጆን ሎክ «ሁለቱ የመንግሥት ድርሳናት» ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። መጽሐፉ ያለ ደራሲ ስም በ1689 ወጣ፤ የርእስ ገጹ 1690 ይላል። ሎክ ደራሲነቱን በጽሑፍ ያመነው በ1704፣ ሊሞት ሲል፣ በኑዛዜው ተጨማሪ ላይ ነው። ኅትመቱ ከ1688ቱ የእንግሊዝ አብዮት በኋላ ስለሆነ፣ መጻሕፍት ሁሉ ለረጅም ዘመን «ሎክ የጻፈው የተፈጸመውን አብዮት ለማጽደቅ ነው» እያሉ አስተማሩ። ፒተር ላስሌት በ1960 ባወጣው እትም ይህን ገለበጠው። የሎክን የግል ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር፣ መጻሕፍቱን የገዛበትን ጊዜ፣ የነገሥታትን ፍጹም ሥልጣን ይደግፍ የነበረውን ተቃዋሚውን ሰር ሮበርት ፊልመርን ሲጠቅስ የትኛውን እትም እንደያዘ እየፈተሸ፣ አብዛኛው ጽሑፍ ከአብዮቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ መጻፉን አሳየ። እሱ ያለው ከ1679 እስከ 1681 ባለው ጊዜ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ወደ 1682 ወይም 1683 ይገፉታል። ክርክሩ በሁለት ሦስት ዓመት ላይ ነው እንጂ ወደ ድሮው ትምህርት የተመለሰ የለም። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስል። ሕዝብ በጨቋኝ ንጉሥ ላይ ሊነሣ ይችላል የሚል ዐረፍተ ነገር ንጉሡ ከሸሸ በኋላ ሲጻፍ የድል ማብራሪያ ነው፤ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሳለ ሲጻፍ አንገት የሚያስቆርጥ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ድርጊቱ ሁለት።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፍ። የሲሴሮ «ስለ ሪፐብሊክ» ትልቁ ክፍል የተገኘው በ1819 ነው፤ አንጄሎ ማይ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የአውጉስጢኖስ የመዝሙር ትርጓሜ ከተጻፈበት ብራና ሥር ተፍቆ የቀረውን ፊደል አነበበ። የአሪስጣጣሊስ ነው የሚባለው «የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት» ከግብጽ በወጣ ፓፒረስ ላይ ተገኝቶ የታተመው በ1891 ነው። የጥንታዊቷ ሕንድ የአገዛዝ መጽሐፍ የሆነው የካውቲልያ «አርታሻስትራ» የእጅ ጽሑፍ በ1905 ተገኝቶ በ1909 ታተመ። የማርክስና የኤንግልስ «የጀርመን ርእዮተ ዓለም» የተጻፈው በ1845 እና 1846 ሲሆን፣ ሙሉው የታተመው በ1932 ነው። ያም ቢሆን ስለ ፎየርባህ የሚናገረው ዝነኛ ምዕራፍ ደራሲዎቹ ጨርሰው የተዉት ምዕራፍ አይደለም፤ የኋላ አዘጋጆች ከወረቀት ክምር ያገጣጠሙት ነው። «ታትመው አልቀዋል» የተባለው ስለ የትኛው ነው?

ዘዴ የለውም፣ ሁሉም አስተያየት ነው ስለሚለው

ይህ ከሁሉም የከበደ ክስ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ የቀረውን መመለስም ባላስፈለገ።

የዚህ ሙያ ሰው አንድ ጽሑፍ ሲይዝ የሚጠይቀው «ምን ይላል?» ብቻ አይደለም። «ይህን ሲጽፍ ምን እያደረገ ነበር? ማንን እየመለሰ፣ ማንን እየደገፈ፣ የትኛውን የተለመደ አባባል እየጠመዘዘ?» ይላል። ኩዌንቲን ስኪነር በ1969 ባሳተመው ድርሰት የዚህን ሙያ የተለመዱ ስህተቶች በስም በስማቸው ዘርዝሯል። የተበታተኑ ዐረፍተ ነገሮችን ለቃቅሞ ደራሲው ያላሰበውን ትምህርት መስጠት አንዱ ነው። በሠላሳ ዓመት ልዩነት የተጻፉ ሥራዎችን አንድ ወጥ ሐሳብ እስኪሆኑ ድረስ ማስታረቅ ሌላው ነው። ከኋላ የመጣን ነገር ወደ ፊተኛው ማንበብም አለ፤ ሎክን «የሊበራሊዝም አባት» ማለት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሊበራሊዝም የሚለው ቃል የፖለቲካ አቋም ስም ሆኖ የወጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለሆነ፣ ሎክ ሊያደርገው ያሰበው ነገር ሊሆን አይችልም። የኋላ ሰዎች አባት አድርገው መረጡት ማለት ግን ይቻላል፤ ያ ሌላ ጥናት ነው፣ ሌላ ማስረጃም ይፈልጋል።

«እከሌ በእከሌ ተጽዕኖ ሥር ነበር» ለማለትም ስኪነር ሦስት ፈተና አስቀምጧል፦ በሁለቱ መካከል እውነተኛ መመሳሰል መኖር አለበት፤ ኋለኛው ሐሳቡን ከፊተኛው በቀር ከሌላ ሊያገኘው የማይችል መሆን አለበት፤ መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል በጣም አነስተኛ መሆን አለበት። ይህ ወንፊት ከመጠን በላይ ጠባብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛም ሁለተኛውን ፈተና ማንም በንጹሕ አያልፍም ባዮች ነን። ቢሆንም የሚሠራ ወንፊት ነው።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። «ሎክ የጻፈው ሆብስን ለመመለስ ነው» የሚል ተማሪ መጣ እንበል። መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ ማንን እንደሚጠራ ያያል፤ የፊልመር ስም በርእስ ገጹ ላይ አለ፣ የሆብስ የለም። ቀጥሎ ጊዜውን ያያል፤ ፊልመር የሞተው በ1653 ቢሆንም «ፓትሪያርካ» የተባለው ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1680 ነው፤ ይኸውም የዙፋን ወራሽነት ክርክር በጋለበት ጊዜ። ከዚያ ደራሲው የትኞቹን መጻሕፍት እንደነበሩት፣ ከየትኞቹ ማስታወሻ እንደወሰደ ያጣራል። ከዚያ ከሆብስ የመጣ የመሰለው ሐሳብ በዘመኑ ከሌላ ከማን ሊገኝ እንደሚችል ይፈልጋል። እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ያነበበው ታላላቆቹን ብቻ ነው። ሁለት ተራራ ብቻ ያየ ሰው ተራሮቹ የሚነጋገሩት እርስ በርስ ይመስለዋል። በመሐል ያለውን የበራሪ ወረቀት፣ የስብከትና የፓርላማ ንግግር ሜዳ ካላነበበ ማን ለማን እንደመለሰ አያውቅም።

የቀን ጉዳይም ብቻውን ሰው ያሳስታል። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር አንባቢ ይህ አይከብድም። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ በሕግ የሚጀምረው መጋቢት ውስጥ፣ በነሱ ማርች 25 ነበር። ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 1688» የሚል ደብዳቤ በዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1689 ነው። በአብዮቱ ዙፋኑን የያዘው የብርቱካኑ ዊሊያም እንግሊዝ የገባው በኖቬምበር 1688 ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ተመራማሪ ከአብዮቱ በኋላ የተጻፈውን ደብዳቤ ከአብዮቱ ዘጠኝ ወር በፊት አስቀምጦ በላዩ ላይ ምዕራፍ ይገነባል። በዚያ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝና አብዛኛው አውሮፓ በ10 ቀን ይለያያሉ፤ ሎክ ከ1683 እስከ 1689 በሆላንድ ስደት ላይ ስለነበር የደብዳቤዎቹ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በየአንዳንዱ መታየት አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በማስታወሻ ደብተር ላይ የተጻፈውን ቀን እንዳለ፣ የተሰላውን ደግሞ በቅንፍ ለየብቻ መያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ የቀላቀለ ሰው ከስድስት ወር በኋላ የቱ የራሱ ስሌት እንደሆነ አያስታውስም።

ባለሙያዎቹ በዘዴው ላይ ይጣላሉ የተባለው እውነት ነው። ሊዮ ስትራውስ በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስደት የሚያሰጋው ደራሲ እውነተኛ ሐሳቡን በመስመሮች መካከል ይደብቃል ብሎ ተከራክሯል። ራይንሃርት ኮዜሌክ ደራሲን ትቶ የጽንሰ ሐሳቦችን ታሪክ ይከተላል፤ እሱና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የጀርመንኛ መዝገበ ጽንሰ ሐሳብ ከ1972 እስከ 1997 በስምንት ቅጽ ወጥቷል። ሰዎች በዘዴ የሚጣሉት ግን ዘዴ ስላላቸው ነው። አስተያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ማንንም ተሳስተሃል ሊለው ባልቻለ፤ ላስሌት ግን ትውልዶች ያስተማሩትን ተሳስታችኋል ብሎ አሳይቷል።

ትርጉም ይበቃል ስለሚለው

ጸሐፊው ማኪያቬሊን ምሳሌ ስላደረጉ በእሱ እንመልስ። «ልዑል» ምዕራፍ 8 ስለ ሰራኩስ አምባገነን ስለ አጋቶክሊስ ነው። ማኪያቬሊ እዚያ ላይ ዜጎችን መግደል፣ ወዳጅን መክዳት፣ ያለ እምነትና ያለ ርኅራኄ መሆን በጣልያንኛው «ቪርቱ» ሊባል አይችልም ይላል። ጥቂት መስመር ሳይርቅ ደግሞ አጋቶክሊስ አደጋ ውስጥ በመግባትና ከአደጋ በመውጣት ያሳየውን «ቪርቱ» ያደንቃል። ቃሉ አንድ ነው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን «በጎነት»፣ ሁለተኛውን «ወኔ» ብሎ ከተረጎመው አንባቢው ምንም ችግር አያይም፤ ተመራማሪዎች መቶ ዓመት የተከራከሩበት ቋጠሮ በጸጥታ ተፈቷል። ሁለቱንም «ጀግንነት» ካለው ደግሞ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይወላገዳል። ስለዚህ በትርጉም ብቻ የሚሠራ ሰው ጥያቄው እንዳለም አያውቅም።

በራሳችን ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። «መንግሥት» የምንለው ቃል ከነገሠ የወጣ ነው፤ የንጉሥን ግዛትም፣ በሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደርም፣ አስተዳደሮች ቢለዋወጡም ጸንቶ የሚኖረውንም አካል በአንድነት ይይዛል። ሎክ በሁለተኛው ድርሳን የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ የማኅበረሰብን መፍረስ ከአስተዳደር መፍረስ ለይተን እንድናይ ሲያሳስብ፣ ሦስቱንም «መንግሥት» የሚል ተርጓሚ ክርክሩን ያደናብረዋል። ወይም «ሊቤርታስ» የሚለውን የላቲን ቃል እንይ። በሮማ ሕግ ነጻ ሰው የሚታወቀው ባሪያ ባለመሆኑ ነው፤ ጌታው ደግ ቢሆንና ምንም ባይከለክለው እንኳ ባሪያ ባሪያ ነው። የዘመናችን አንባቢ ግን ነጻነት ሲባል የሚያስበው የሚከለክል አለመኖሩን ነው። አማርኛ ሁለት ቃል አለው፦ «ነጻነት» እና «አርነት»። ነጻ የሚለው የመንጻትን ትርጉም ይዞ ይሄዳል፤ በወንጌል ለለምጻሙ «ንጻ» የተባለው ይኸው ነው። አርነት ግን ባርነትን ከጎኑ ሳይጠራ አይኖርም፤ ባሪያ አርነት ይወጣል። እንግዲህ የሮማን «ሊቤርታስ» «አርነት» ብሎ የተረጎመና «ነጻነት» ብሎ የተረጎመ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ሰጥተውናል። እኛ አርነትን እንመርጣለን፤ በዚህ የሚከራከረን እንደሚኖርም እናውቃለን፤ ለመከራከር ግን ላቲኑን ማየት ግድ ነው።

በትርጉም ብቻ የሚገኝ ሥራም አለ። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ የአሪስጣጣሊስን «ፖለቲካ» ስላላገኘ በፕላቶን «ሪፐብሊክ» ላይ ማብራሪያ ጻፈ፤ የዐረብኛው ጠፍቶ ዛሬ ያለን የዕብራይስጡ ትርጉም ነው። እዚያ ላይ ተመራማሪው የሚያነበው ዕብራይስጥ ነው፣ የሚያስበው ስለ ዐረብኛ ነው፣ የሚገመግመው ስለ ግሪክ ነው።

ለጀማሪ የምንለው ይህን ነው፦ ቋንቋ ሁሉ አይማሩም። የጥናቱ ዋና ጽሑፍ የተጻፈበትን ቋንቋ እስከማንበብ ድረስ ይማራሉ፤ በቀን አንድ ሰዓት ለተያዘለት ሰው ላቲን በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ለማንበብ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ለቀረው ትርጉም ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ክርክራቸው የሚንጠለጠልባቸውን አራት አምስት ቦታዎች ከዋናው ጋር ሳያስተያዩ አያትሙም።

አርካይቭና ኢንተርኔት

ስካን የተደረገ መጽሐፍ በረከት ነው፤ ከዚህ በላይ ማጋነን አያስፈልግም። ስካን የተደረገው ግን አንድ ቅጂ ነው። የጥንት መጻሕፍት ማተሚያው እየሄደ ይታረሙ ስለነበር የአንድ እትም ሁለት ቅጂ ሊለያይ ይችላል። ፍለጋውም ያሳስታል። በድሮ የእንግሊዝኛ ኅትመት «ኤስ» የሚለው ፊደል በቃል መጀመሪያና መሐል «ኤፍ» እስኪመስል ድረስ ረጅም ተደርጎ ይታተም ነበር፤ ስለዚህ ከሥዕል ፊደል የሚያነበው ሶፍትዌር (ኦሲአር) «ሴም» (ያው) የሚለውን ቃል «ፌም» (ዝና) ብሎ ያነበዋል። «ቃሉን ፈልጌ አጣሁት፣ ስለዚህ ደራሲው አልተጠቀመበትም» የሚል ድምዳሜ በዚህ ምክንያት ብቻ የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ የባሰው ስህተት ቃልን ፈልጎ ሐሳብን አገኘሁ ማለት ነው። ሐሳቡ በሌላ ቃል ተነግሮ ሊሆን ይችላል።

አርካይቭ የሚገባ ሰው እርሳስ ይይዛል፤ እስክሪብቶ አይፈቀድም። የሚፈልገውን መለያ ቁጥር ከመሄዱ በፊት ከካታሎጉ ይጽፋል፤ ደርሶ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን እዚያው ይጨርሳል። የእጅ ጽሑፍ የሚጠቀሰው በገጽ ሳይሆን በቅጠል ነው፤ ቅጠል 23 ፊትና ቅጠል 23 ጀርባ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፣ ይህን ያልለየ ማስታወሻ ከንቱ ነው። ፎቶ ማንሣት ከተፈቀደ ባዶውን ቅጠልና ሽፋኑንም ያነሣል፤ የመጀመሪያው ፎቶ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። በዚያው ዕለት ማታ የፋይሎቹን ስም ካልቀየረ 400 «አይኤምጂ» የሚሉ ፎቶዎች ይዞ ይቀራል። ሲገለብጥም አሕጽሮተ ቃሉን በራሱ አይዘረዝር፤ ከዘረዘረ በቅንፍ ይሁን፣ ምክንያቱም የተዘረዘረው የእሱ ንባብ እንጂ የጸሐፊው ቀለም አይደለም።

ጸሐፊው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ ይተካል ብለዋል። ለመጀመሪያ ዙር ንባብ ይረዳ ይሆናል። ሲያጠቃልል ግን ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ደግሞ ከላይ በሎክ ላይ እንዳየነው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ነው። የሌለ መጽሐፍ የሌለ ገጽ እየጠቀሰም ይሰጣል።

ያው ሌክቸር በየዓመቱ

ሌክቸር የሚደግም አስተማሪ የለም አንልም። ኮርሱ ግን በሌክቸር አይቆምም፤ የሚቆመው በሴሚናር ነው። በ12 ሳምንት ኮርስ በሳምንት ከ40 ገጽ በላይ ዋና ጽሑፍ የሚሰጥ አስተማሪ የሚያገኘው ማጠቃለያ ያነበበ ክፍል ነው። 25 ገጽ ሰጥቶ ሁለቱን ገጽ ከተማሪው ጋር ቃል በቃል ማንበብ ይሻላል።

ሆብስ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ አንድ መልስ ይዞ ይመጣል፦ «ሆብስ ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው ብሏል።» አስተማሪው አይሟገትም፤ «ሌዋታን» ምዕራፍ 13ን ያስከፍታል። ሆብስ እዚያ የጠብ መነሻዎች ሦስት ናቸው ይላል፦ ፉክክር፣ አለመተማመን፣ ክብር ፍለጋ። ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ። አለመተማመን ክፋት ነው? ጎረቤቱን ሊወጋ የማይፈልግ ሰው ጎረቤቱ እንዳይቀድመው ሲፈራ ምን ያደርጋል? ከዚያ ወረድ ብሎ ሆብስ የሚተኛ ሰው በሩን ለምን ይቆልፋል ብሎ ይጠይቅና፣ ይህን ስል የሰውን ተፈጥሮ መክሰሴ አይደለም፣ ምኞቶች በራሳቸው ኃጢአት አይደሉም የሚል ሐሳብ ያመጣል። ተማሪው ይዞት የመጣው መልስ በራሱ ጣት ሥር ሲፈርስ ያየዋል። ይህ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ በየዓመቱም ክፍሉ የሚሰናከልበት ቦታ ስለሚለያይ አይደገምም።

እርማቱም ሥራ ነው። 60 ተማሪ እያንዳንዱ 2,000 ቃል ቢጽፍ፣ ለአንዱ 25 ደቂቃ ቢሰጠው 25 ሰዓት ነው፤ በሁለት አሳይመንት 50። ሰዓቱን የሚበላው መጥፎ ጽሑፍ ሳይሆን «ሆብስ፣ ሎክና ሩሶ ያነጻጽሩ» የሚል ሰፊ ጥያቄ ነው፤ ያው ማጠቃለያ 60 ጊዜ ይመጣል። «በምዕራፍ 13 አለመተማመን ከክብር ፍለጋ ቢወጣ ጦርነቱ ይቀራል?» ብሎ የጠየቀ አስተማሪ የሚያርመው የተለያየ ነገር ነው፤ ኮፒ ማድረግም ይቸግራል።

ሁሉም አውሮፓውያን ናቸው ስለሚለው

እዚህ ጸሐፊው ያነሱት ጉዳይ አለው። የተለመደው ኮርስ ከአቴና ተነሥቶ በሮማ አልፎ ፓሪስና ለንደን ያርፋል። መድኃኒቱ ግን በ11ኛው ሳምንት ኢብን ኸልዱንን ለይስሙላ መጨመር አይደለም። «ሙቀዲማ»ን የጻፈው በ1377 ነው፤ ከማኪያቬሊ ጋር ለማነጻጸር ብቻ የሚጠራ ከሆነ ዐሰቢያ (የቡድን ትስስር) የሚለው ቃሉ «የቪርቱ ዘመድ» ሆኖ ይቀራል። ቦታው ከአል ፋራቢና ከኢብን ሩሽድ ክርክር ጋር ነው፤ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ያም ማለት ከተለመዱት ውስጥ ሦስት ሳምንት ይወጣል ማለት ነው። ማንን እናውጣ የሚለውን ሳይመልሱ ማንን እንጨምር ማለት ቀላል ነው።

ፈላስፋው በሚባለው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» ደግሞ ለማስተማር የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ያልነውን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ላይ ያሠራል። ጽሑፉ ራሱን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ አድርጎ ያቀርባል። ወደ አውሮፓ የደረሰው በ1850ዎቹ የካፑቺን ሚሲዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለፈረንሳዊው የእጅ ጽሑፍ ሰብሳቢ ለአንትዋን ዳባዲ በላከው ቅጂ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጽሑፉ የጁስቶ የራሱ ድርሰት ነው አለ፤ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟገተ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። አስተማሪው ወገን ይዞ ከሚሰብክ ይልቅ ተማሪው ግእዙን፣ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅሶቹን፣ የጁስቶን ደብዳቤዎችና የቅጂዎቹን ታሪክ ለየብቻ እንዲመዝን ቢያደርግ፣ በሎክ ላይ የተማረውን የቀን አወሳሰን እዚህ ይሞክረዋል።

ሥራ የለም ስለሚለው

አብዛኛው እውነት ነው። ቦታው ጥቂት ነው፤ ይህን ለተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ያልነገረ አማካሪ ጥፋተኛ ነው። ጸሐፊው የሳቱት ግን ለምን እንደሆነ ነው። የሥራ ማስታወቂያ «የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ» ብሎ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚወጣው «የፖለቲካ ቲዎሪ» ወይም «የ16ኛው እና 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ» ተብሎ ነው። አንዱ በፖለቲካ ሳይንስ፣ ሌላው በታሪክ ዲፓርትመንት ነው፤ አንዳንዴም በፍልስፍና ወይም በሕግ። አመልካቹ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ መቻል አለበት። ለፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች ጥናቱ ዛሬ ለሚጠየቅ ምን ጥያቄ እንደሚጠቅም ያስረዳል፤ ለታሪክ ሰዎች የትኛውን አርካይቭ እንደሠራ። አንዱን ደብዳቤ ለሁለቱም የላከ በሁለቱም ይወድቃል። ቀልደኞች «ከፕላቶ እስከ ኔቶ» የሚሉትን አጠቃላይ ኮርስ ማስተማር እንደሚችል የሚያሳይ የተዘጋጀ ኮርስ አውትላይንም ያስፈልገዋል፤ ቀጣሪው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያንን ኮርስ የሚሸከምለት ሰው ነው።

የጥናት ርእስ ላይም ሰው ይሰናከላል። «የነጻነት ጽንሰ ሐሳብ በሎክ» ርእስ አይደለም፤ በ80,000 ቃል አያልቅም፣ አዲስ ነገርም አይወጣውም። አንድ ክርክር፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት፣ ሦስት ወይም አራት ደራሲ፣ ከነሱ አንዱ ብቻ ታዋቂ፤ ይህ ያልቃል። ከዚያ የሚወጣ የጆርናል ጽሑፍ ከ8,000 እስከ 12,000 ቃል ነው፤ ሁለት ገምጋሚዎች የደራሲው ስም ሳይነገራቸው ያነቡታል፤ መልሱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። «አስተካክለህ መልስ» መባል ውድቀት አይደለም፤ ጥሩ መልስ ነው። የገምጋሚውን ነጥብ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደተለወጠና በየትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ያልተለወጠ ካለም ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዞ መመለስ ነው። ብዙዎች ጽሑፉን አስተካክለው ይህን ደብዳቤ በሁለት መስመር ይጽፉታልና ይወድቃሉ።

ስለ ማኪያቬሊ ቅዳሜና እሑድ

ጸሐፊው በ«ልዑል» ላይ የጻፉት አንድ አንቀጽ ነው፤ በውስጡም ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መጽሐፉ በ1513 ታተመ ይላሉ። በ1513 የተጻፈ ነው፤ ማኪያቬሊ በዲሴምበር 10፣ 1513 ለወዳጁ ለፍራንቼስኮ ቬቶሪ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሥራው ይነግረዋል። ደራሲው በ1527 ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1532 ነው። እስከዚያ ድረስ በእጅ ቅጂ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ጥቂትና የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛ፣ ማኪያቬሊ «ዓላማው መንገዱን ያጸድቃል» ብሏል ይላሉ። ይህ ቃል በ«ልዑል» ውስጥ የለም። የቀረበው ቦታ ምዕራፍ 18 ነው፤ የሰዎች፣ በተለይም ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የሌለባቸው የመሳፍንት፣ ሥራ ሲመዘን «ሲ ጓርዳ አል ፊኔ» ይላል፤ የሚታየው ፍጻሜው ነው ማለት ነው። ማን እንደሚያየው፣ ማየት ማጽደቅ መሆን አለመሆኑን አይናገርም፤ ቀጥሎ የሚያወራው ሕዝብ በውጭ ገጽታና በውጤት እንደሚማረክ ነው።